የእህቴ ልጅ የበረራ አስተማሪነት ትምህርት ቤት እንዴት እንደመረጠ

እኔ ከአውሮፕላን ጋር ያለኝ ትውውቅ ከወንበር ቁጥር አያልፍም። 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የፔዳ ሰው ነኝ። ፔዳ የምንለው ድሮ የመምህራን አካዳሚ የነበረውን፣ አሁን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ግቢ ነው። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የበረራ አስተማሪ መሆን ፈልጌያለሁ፤ ትምህርት ቤት ስመርጥ አብረውኝ ይሁኑ» ሲለኝ በራሴ ነው የሳቅሁት። ስለ ክንፍ ምን አውቄ ነው?

ከስምንት ወር በላይ የፈጀው ነገር እንዲህ ነበር። የልጁን ስም አልጠቅስም፤ እናቱ ቡዳ ትፈራለች። የትምህርት ቤቶቹንም ስም አልጠቅስም፤ እኛ ያየናቸው በአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ነው።

ልጁ ከፖሊ፣ ማለትም ከባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። አንድ ዓመት ያህል የማይወደውን ሥራ ሠራ። ከዚያ ዴንቨር ያለው ወንድማችን «ይኼ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ላኩት» ብሎ ግማሹን ወጪ ያዘ። ናይሮቢ፣ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ካሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ገባ። በ14 ወር የንግድ አብራሪ ፈቃዱን ከነኢንስትሩመንት ሬቲንጉ (ውጭ ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ማረጋገጫ) ይዞ መጣ። ሎግቡኩ፣ የበረራ ሰዓት መዝገቡ፣ ላይ 214 ሰዓት ተጽፏል።

ጥር 2017 ላይ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ እናቱ ቤት ቁጭ አለ። ጥምቀት አለፈ። እሱ እዚያው ነው። ባጃጅ ሹፌሮቹ «ካፒቴን፣ ወዴት ነው?» ይሉታል። እሱም ይስቃል። እናቱ ግን አትስቅም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

የንግድ ፈቃድ ማለት አብርረህ ክፍያ መቀበል ትችላለህ ማለት ነው እንጂ ሥራ አለህ ማለት አይደለም። እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው። 200 ምናምን ሰዓት የያዘ ወጣት በየአገሩ ሞልቷል። ትልቁ የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ በዓለም አቀፉ መስፈርት 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ አብራሪዎቹን በአብዛኛው ከራሱ ትምህርት ቤት ነው የሚያወጣው፤ ከዜሮ አስተምሮ። በውጭ የተገኘ ፈቃድም እዚህ አገር እንዲሠራ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሊያውቀው ወይም ሊለውጠው ይገባል። ልጁ አገር ውስጥ ጠይቋል። መልሱ በአጭሩ «ሰዓትህን ጨምርና ና» ነበር። ክፉ መልስ አይደለም።

ግን ሰዓት በምን ይጨመራል? በራስ ገንዘብ አይሞከርም። ሴስና የምትባለው ትንሿ የማስተማሪያ አውሮፕላን በሰዓት ከ200 ዶላር በላይ ትበላለች። ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ ማስተማር ነው። አስተማሪው ከተማሪው ጎን ተቀምጦ የሚበርረው ሰዓት ለራሱም ይቆጠርለታል። ተማሪው ይከፍላል፤ አስተማሪው ደመወዝም ሰዓትም ያገኛል። «ጋሼ፣ እየተከፈለኝ እማራለሁ ማለት እኮ ነው» አለኝ። ይቺ አባባል ያኔውኑ ትንሽ ከነከነችኝ። ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ገንዘቡስ? ዴንቨር ያለው ወንድማችን አሁንም ግማሹን እችላለሁ አለ። ሌላው ግማሽ ከእህቴ የቤት ኪራይና ከዕቁቧ ነው የሚወጣው። በብር። ሐምሌ 22፣ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። ልጁ የመጀመሪያውን ትምህርት ሲጀምር ዶላሩ በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር። አሁን ያንኑ ዶላር ለመግዛት ከእጥፍ በላይ ብር ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ማለት የእህቴ ዕቁብ ከነዕጣው ገደል ገባ ማለት ነው።

እናቴም አለች። 84 ዓመቷ ነው። መስከረም 5፣ 1981 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊሄድ የተነሳው ቦይንግ 737 እርግብ ሁለቱንም ሞተሮቹን መትቶበት ሲወድቅ እዚሁ ነበረች። 104 ሰው ተሳፍሮበት 35ቱ ሞቱ። «እርግብ ያወረደው አውሮፕላን» ትላለች እስከ ዛሬ። የልጅ ልጇ የሚሄድበትን ትምህርት ቤት በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ክፉ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» ያኔ የአሮጊት ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቡና ላይ የቀረቡት ሦስት ነበሩ

አንደኛው አሜሪካ ነው። ቪዲዮው ያማልላል። ሃያ ምናምን አዳዲስ አውሮፕላን ተደርድሯል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ዴንቨር ያለው ወንድማችን ልቡ እዚያ ነው። «ተምረህ ስትጨርስ እኛው ጋ ትሠራለህ» ይላል ማስታወቂያው።

ልጁን «በምን ቪዛ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው» አልኩት። መልሱ መጣ፦ ኤም-1 የሚባለው የሙያ ተማሪ ቪዛ። በዚህ ቪዛ ከትምህርት በኋላ የሚፈቀደው የሥራ ልምምድ ለእያንዳንዱ አራት ወር ትምህርት አንድ ወር ነው፤ ቢበዛ ስድስት ወር። ስምንት ወር ቢማር ሁለት ወር ይሠራል። ከዚያ ወደ አባይ ማዶ። «እኛው ጋ ትሠራለህ» ያሉት ውሸት አይደለም። ስንት ቀን እንደሆነ ነው ያልተናገሩት።

ሌላም አለ። የኬንያ ፈቃዱ አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ የሚያስገኝለት የግል አብራሪ ደረጃ ብቻ ነው። አስተማሪ ለመሆን ደግሞ መጀመሪያ የእነሱን የንግድ ፈቃድ ከኢንስትሩመንት ጋር መያዝ አለበት። ያ በተለመደው መንገድ 250 ሰዓት ይጠይቃል፤ ልጁ 36 ይጎድለዋል። የውጭ ዜጋ ስለሆነ የደኅንነት ማጣሪያም አለ። ይህ ሁሉ የአስተማሪነቱ ትምህርት ገና ሳይጀመር ነው።

ሁለተኛው ደቡብ አፍሪካ ነበር። እዚያ አስተማሪዎች በደረጃ ይለያሉ። አዲሱ አስተማሪ ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ይጀምርና ከእሱ በላይ ያለ አስተማሪ እየተቆጣጠረው ይሠራል። አሠራሩን ወደድኩት፤ እኛም አዲስ መምህር ስንቀበል አንጋፋ እናስጠጋበት ነበር። ግን ፈቃዱን ወደዚያ አገር ማስለወጥ የራሱ ፈተናና ወጪ አለው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ከባሕር ጠለል ተምሬ ከፍታ ላይ ላስተምር?» አለ። አልገባኝም ነበርና አስረዳኝ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ 5,978 ጫማ ላይ ነው። ቀኑ 28 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሰማው። መንደርደሪያው ይረዝምበታል፣ መውጣት ያቅተዋል። ዊልሰንም ከ5,500 ጫማ በላይ ነው። በሳሳ አየር የሰለጠነ ሰው ለእኛ ምድር ይቀርባል።

ሦስተኛው ያው የናይሮቢው የድሮ ትምህርት ቤቱ ነው። ፈቃዱ የዚያው አገር ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል፣ የሚያከራዩት ሴትዮ እንኳ ወድደውታል። ሁላችንም በልባችን እዚያ ወስነን ነበር። እህቴ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» ብላ ልትዘጋው ነው።

«እዚያ ያስተማረህ ማን ነው?» አልኩት።

ጣቱን ቆጠረ። አምስት ሰዎች። በ14 ወር አምስት አስተማሪ። አንዱ ሶሎ፣ ብቻውን እንዲበርር፣ ሊያስወጣው ሲል ሄደ። ሌላው አየር መንገድ ተቀጠረና በአንድ ቅዳሜ ጠፋ። አንዷ ጎበዝ ነበረች፤ ሦስት ሳምንት ብቻ አስተማረችው። ሰዓታቸው ሲሞላ ይሄዳሉ። አዲሱ ሰው የቀደመው ያስተማረውን አያውቅም፣ እንደገና ይጀምራል፣ ሰዓቱን የሚከፍለው ልጁ ነው።

ያኔ ነው «እየተከፈለኝ እማራለሁ» ያለው ነገር ተመልሶ የመጣብኝ። እነዚያ አምስቱም እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። እሱም ነገ ለሌላው ልጅ ስድስተኛው ሊሆን ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ቡናው ሁለተኛ ሆነ።

ያነበበልኝ ዝርዝር

በማግስቱ «የበረራ አስተማሪ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው የሚለው የት ነው የተጻፈው?» ብዬ ጠየቅሁት። በስልኩ ፈልጎ የዓለም አቀፉን ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 1 አወጣና እየተረጎመ አነበበልኝ። የማስተማር ዘዴ። የመማር ሂደት። የውጤታማ ማስተማር መሠረቶች። የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት። የተማሪ ምዘና። የመማሪያ ክፍል አያያዝ። የማስተማሪያ መርጃዎች። የተማሪን ስህተት መተንተንና ማረም። መጨረሻ ላይ፣ ብልሽትን አስመስሎ ማሳየት የሚያስከትለው አደጋ።

«ቁም» አልኩት። «ይኼ እኮ የፔዳ ኮርስ ነው!»

ከመጨረሻዋ በቀር አንድ በአንድ አስተምሬያቸዋለሁ። አሜሪካኖቹም ለአስተማሪነት ከሚሰጧቸው ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎች አንዱ ስለ ማስተማር ብቻ ነው። እነሱ ዘንድ የታወቀ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ሰው ከዚያ ፈተና ነፃ ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ ኮራ ብያለሁ፤ አልደብቅም።

እኛ ግን ለሦስት ሳምንት ስናወዳድር የከረምነው የአውሮፕላን ብዛትና የሰዓት ዋጋ ነው። ልጁ ማብረር ይችላል፤ ፈቃድ አለው። የሚጎድለው ማስተማር ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቹ የምንጽፈውን ጥያቄ እንደገና ጻፍነው። የአስተማሪነቱን ኮርስ የሚሰጠው ሰው ማን ነው፣ ስንት ዓመት አስተምሯል፣ በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለአስተማሪነት አሠለጠናችሁ፣ ስንቱ ወደቀ፣ ሁለቱን በስልክ ማነጋገር እንችላለን? በሥልጠናው ጊዜ እውነተኛ ተማሪ እናገኛለን ወይስ እርስ በርስ ነው የምንለማመደው? ዛሬ ጠዋት ከአውሮፕላኖቻችሁ ስንቱ በረሩ?

የእናቴንም ጥያቄ ጨመርንበት፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን አደጋ ገጠማችሁ፣ ከዚያስ ምን ለወጣችሁ?

መልሶቹ ለየቅል ነበሩ። የአሜሪካው አንድ ገጽ የሽያጭ ደብዳቤ ላከ፤ የአሠልጣኙ ስም የለበትም። የድሮ ትምህርት ቤቱ «ኮርሱን የሚሰጡት ዋናው ኃላፊ ናቸው» አለ። ልጁ ሰውየውን ያውቃቸዋል። ቻርተር (የኪራይ በረራ) ያበርራሉ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ የሚገኙት ቅዳሜ ነው። የወደቀ አለ ወይ ለሚለው «ሁሉም አልፈዋል» ነው መልሳቸው። አደጋም «ፈጽሞ የለም»። 31 ዓመት ማርክ ሊስት ሞልቻለሁ። ወዳቂ የሌለበት ማርክ ሊስት ሳይ የምጠረጥረው መምህሩን ነው።

አራተኛው

አራተኛው በአጋጣሚ ነው የመጣው። ከአምስቱ አስተማሪዎቹ አንዷ፣ ያቺ ሦስት ሳምንት ያስተማረችው ጎበዝ፣ ስልክ ስንደውልላት «እኔ የተማርኩት ሌላ ቦታ ነው» አለች። ከናይሮቢ ወጣ ያለች፣ ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ማረፊያ። ሦስት አውሮፕላን ብቻ። አስተማሪዎችን የሚያሠለጥኑት ከ20 ዓመት በላይ ያስተማሩ አንዲት ሴት ናቸው። ድረ ገጻቸው የረሳ ሰው የሠራው ይመስላል።

ጥያቄያችንን ላክን። መልሱ በሁለት ቀን መጣ። ባለፈው ዓመት አራት ሰው አሠልጥነዋል፤ አንዱ በመጀመሪያው ፈተና ወድቆ በሁለተኛው አልፏል። አንድ ተማሪ በኃይል ሲያርፍ የፊት ጎማው እግር ታጥፎበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተማሪ ሶሎ ከመውጣቱ በፊት ሌላ አስተማሪ እንዲያየው ደንብ አወጡ። ከሦስቱ አውሮፕላን ዛሬ የበረሩት ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው ጥገና ላይ ነው። ለእናቴ ተርጉሜ አነበብኩላት። «እነዚህ የወደቀውን የሚናገሩ ናቸው» አለች።

ዋጋው ግን ይበልጣል። እነሱ በሰዓት 230 ዶላር፣ የድሮው 195። እህቴ ፊቷ ጠቆረ። እዚህ ላይ ልጁ ወረቀት አውጥቶ ያሰላውን ላስቀምጥ፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ስለሆነ። 195 ነዳጅ የለበትም። ሴስና 172 በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ያም ለፒስተን ሞተር የሚሆነው፣ በአፍሪካ እንደልብ የማይገኘው ውዱ የአቪዬሽን ቤንዚን ነው። በዚያ ላይ የድሮው የሚቆጥረው ሆብስ በሚባለው ቆጣሪ ነው፤ ሞተሩ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ይሮጣል። ዊልሰን የተጨናነቀ ነው፣ ለመነሳት ተራ ሲጠበቅ 20 ደቂቃ መሬት ላይ ሊያልፍ ይችላል። ያም ይከፈላል። የ230ው ነዳጅ ያለበት ነው፣ የሚቆጥረውም ከሞተሩ ዙር ጋር በሚሄደው ቆጣሪ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ሲል ቆጣሪውም ቀስ ይላል። ተደምሮ ሲታይ ርካሹ ውድ ሆነ።

ሌላ ልጁ ብቻ ያስተዋለው ነገር አለ። የበረራ አስተማሪ አውሮፕላን ሚዛኑን ስቶ እየተሽከረከረ ሲወድቅ እንዴት እንደሚያወጣው በተግባር ቢያውቅ ይመረጣል፤ በአሜሪካ እንዲያውም ግዴታ ነው። ይህ የሚፈቀድለት ግን ሁሉም አውሮፕላን አይደለም። በየማስታወቂያው የምናየው አማላዩ ዲያመንድ ዲኤ-40 ሆን ብሎ ማሽከርከር ክልክል ነው። ሴስና 152 ይፈቀድለታል። ትንሿ ትምህርት ቤት አንድ አሮጌ 152 አላት። ከልጁ በዕድሜ ትበልጣለች።

ከዚያ ሴትዮዋ በቪዲዮ ሊያነጋግሩት ፈለጉ። ፈተና ነበር የጠበቅነው። ያቀረቡለት ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስታል ምንድን ነው? በአሥር ደቂቃ አስተምረኝ። እኔ ምንም አላውቅም።»

ልጁ ጀመረ። ፎርሙላ፣ ግራፍ፣ የክንፍ አንግል፣ ቁጥር። አሥር ደቂቃ ሙሉ አላቆመም። ሴትዮዋ ጨርሶ እስኪያበቃ ጠበቁና «ጥሩ። አንድ ጊዜም ገባሽ ወይ አላልከኝም» አሉት። ወር ሰጡት። «ተዘጋጅተህ ተመለስ፤ ያን ጊዜ እንወስናለን።»

ከፋው። እኔ ደስ አለኝ። ገንዘብ ሊከፍልህ የመጣን ልጅ «ቆይ፣ ገና ነህ» የሚል ትምህርት ቤት አያጋጥምም።

ያን ወር ቤታችን ማይክሮ ቲቺንግ፣ የአጭር ትምህርት መለማመጃ፣ ሆነ። ተማሪዋ የ16 ዓመት እህቱ ነች። አንድ እሑድ ታና ዳር ቆሮሶ ልንበላ በባጃጅ ስንሄድ እንደገና ስታልን አስረዳት። ጨርሶ «ገባሽ?» አላት። «አዎ። ግን ሞተሩ ለምንድን ነው የሚጠፋው?» አለችው። ሞተር አልጠፋም። ስታል ማለት የሞተር መጥፋት አይደለም፤ ክንፉ ከልክ በላይ ቀና ሲል አንስቶ መያዙን መተው ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው፣ መኪና ስታል አደረገ ስለሚባል። እሱ ግን የምታስበውን ሳይጠይቃት ነበር የራሱን የጀመረው።

«እጅሽን አውጪ» አላት ከዚያ። ባጃጁ በዘንባባው መንገድ እየሮጠ ነው። መዳፏን ጠፍጣፋ አድርጋ አወጣች። «ፊቱን ትንሽ ቀና አድርጊው።» እጇ ወደ ላይ ተነሳ። «ጨምሪ።» ተነሳ። «አሁን በጣም ቀጥ አድርጊው።» መነሳቱን ተወና ነፋሱ ወደ ኋላ ገፋት። «ሞተሩ ጠፋ?» አላት። ሹፌሩ ዞር ብሎ «ምን ጠፋ? አልጠፋም!» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን አልረሳችውም። ዓሣው እስኪመጣ ፔሊካኖቹ ውኃው ላይ ሲያርፉ ክንፋቸውን እንዴት እንደሚያቆሙ እያየች «ያው፣ ያው፣ ስታል እያደረገ ነው» ትል ነበር።

ለሴትዮዋ በወሩ ያንኑ በቪዲዮ አስተማራቸው። ባጃጅ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አልተቸገረም፤ ኬንያም ቱክቱክ አለ። ተቀበሉት።

የሆነው

ገንዘቡን በአራት ከፍለን እንድንከፍል ተስማሙ። ይህን እኛ ነን የጠየቅነው። ሙሉ ክፍያ ወስዶ የተዘጋ የበረራ ትምህርት ቤት ታሪክ በየአገሩ አለና በአንዴ አንሰጥም አልን። አልተቀየሙም።

የራሳችን ስህተት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሚያዝያ ላክነው። እኛ በባሕር ዳር ልብ ክረምት ሰኔ ይገባል ብለን ነበር ያሰብነው። በኬንያ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ልጁ 14 ወር እዚያ ኖሮ እንዴት ረሳው? እሱም አያውቅም። የመጀመሪያውን ወር ግማሹን ከመስኮት ዝናብ እያየ አሳለፈ። ከዚያ የአንዷ አውሮፕላን ሞተር ሲሊንደር ተሰንጥቆ ተገኘና ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ቆመች። 10 ሳምንት ያልነው 17 ሆነ። 9,500 ዶላር ያልነው 11,800 ላይ ቆመ። የዕቁቡ ዕጣ ለእህቴ በሐምሌ ባይወጣላት ኖሮ እንዴት እንደምንሆን አላውቅም።

የትምህርቱን ነገር በየሳምንቱ ይደውልልኝ ነበር። የመጀመሪያው ፈተና ወንበር ነው። አስተማሪ በቀኝ ነው የሚቀመጠው። ዕድሜ ልኩን በግራ እጁ መሪ፣ በቀኝ እጁ የጋዙን ማንሻ የያዘ ልጅ አሁን ተገላበጠበት። የሚያየው አድማስም ተዛነፈ። ሳምንት ሙሉ ከመንደርደሪያው መሐል መስመር ውጭ ሲያርፍ ከረመ። ሁለተኛው አፍ ነው። እጁ የሚሠራውን አፉ እኩል መናገር አለበት፤ እነሱ ፓተር ይሉታል። ማብረር ይችላል፣ መናገርም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን ላብ ያስጠምቃል።

ትልቁ ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ተማሪው ሲሳሳት መሪውን ቶሎ ይነጥቃል። ሴትዮዋ እውነተኛ ተማሪ አጠገብ አስቀምጠው እሳቸው ከኋላ ሆነው ያዩታል። በእያንዳንዱ በረራ መጨረሻ ስንት ጊዜ መሪውን እንደነካ ይነግሩታል። አንድ ቀን 19 ጊዜ። እኔም በስልክ የራሴን ነገርኩት። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ የተጠና ነገር ነው፤ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ይለወጣል። «አየር ላይ ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው። መቼ መጠበቅ እንደማይቻል ማወቅም የሙያው ክፍል ነው፤ ያን እኔ ላስተምረው አልችልም።

የመጀመሪያውን ፈተና በዚሁ ወደቀ። ፈታኙ ተማሪ መስለው ሆን ብለው ሲሳሳቱ፣ ስህተቱ ገና ሳይታይ መሪውን ወሰደባቸው። «ተማሪው ምን ተማረ?» አሉት ሲያርፉ። ሁለት በረራ ጨምሮ በሁለተኛው አለፈ። ደውሎ ሲነግረኝ አፍሮ ነበር። እኔ ደግሞ የዚያች ትምህርት ቤት ማርክ ሊስት ላይ አሁን አንድ ወዳቂ መጨመሩን አሰብኩ። በሚቀጥለው ዓመት ለሚጠይቅ ቤተሰብ እንደሚነግሩት አልጠራጠርም።

ከዚያ የሥራ ፈቃድ። ልጁ ለኬንያ የውጭ ሰው ነው። አስተማሪ ሆኖ ሊቀጠር የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የሚያመለክተውም ትምህርት ቤቱ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ጠይቀን ስለነበር አላስደነገጠንም። ግን ወራት ይወስዳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ እስኪወጣ ባሕር ዳር ተመልሶ ጠበቀ። መስከረም 5 ቀን እናቴ ሻማ አብርታ ጊዮርጊስ ስትሄድ አብሯት ሄደ።

ወረቀቱ ጥቅምት ላይ ወጣ። ከበላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኘው እናቴ ሰማዩን ታይ ነበር፤ እርግብ ፍለጋ ይመስለኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልእክት ላከልኝ። የመጀመሪያ ተማሪው የባንክ ሠራተኛ ሴት ነች። «ዛሬ ቀስ በረራ ነበር የምናስተምረው። ፍጥነቱ ሲቀንስ አፍንጫውን ከፍ አደረገች። እጄ መሪው አጠገብ ነበር፣ ግን አልነካሁትም። የስታሉ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ራሷ አወረደችው።»

«ሌሰን ፕላኑን ላክልኝ» አልኩት።